የጃፓናውያን ኅብረት፦ ባህል ወይስ መውጫ ማጣት?

ከእ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2023 ጀምሮ ማስክ ማድረግም ሆነ አለማድረግ የእያንዳንዱ ሰው የግል ውሳኔ እንዲሆን የጃፓን መንግሥት ፈቀደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሰኞ ማለዳ የቶኪዮ ባቡሮች ግን እንደ ወትሮው በማስክ በተሸፈኑ ፊቶች ተሞልተው ታዩ። አንዳንዱ ኮቪድን ገና ስለሚፈራ፣ አንዳንዱም የጸደይ የዛፍ ብናኝ ስለሚያስነጥሰው ነበር ያላወለቀው። ትኩረት የሳበው ግን ሌሎች ሲያወልቁ አይቼ አወልቃለሁ የሚለው ተደጋጋሚ መልስ ነበር። ሁሉም ሌላውን ከጠበቀ መጀመሪያ የሚያወልቀው ማን ነው? ለነገሩ በእነዚያ ሦስት የወረርሽኝ ዓመታት ውስጥ መንገድ ላይ ማስክ ያላደረገን ሰው የሚቀጣ ሕግ በጃፓን አልነበረም።

በ2020 የሆነውም ከዚህ አይለይም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ኤፕሪል 7 ቀን ቶኪዮንና ኦሳካን ጨምሮ በሰባት አውራጃዎች የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ፤ ብዙም ሳይቆይ አዋጁ መላ አገሪቱን ሸፈነ። በዚያው ሰሞን በፓሪስና በሮም ያለ በቂ ምክንያት ከቤቱ የወጣ ሰው በፖሊስ ይቀጣ ነበር። የጃፓን ሕግ ለመንግሥት ይህን ሥልጣን አልሰጠውም፤ ነዋሪው ከቤቱ እንዳይወጣ መለመን ብቻ ነበር የሚችለው። ልመናው ሠራ። ጎዳናው ጭር አለ፣ ሱቁ ተዘጋ። የሠራበት መንገድ ግን ሁልጊዜ የሚያምር አልነበረም። ክፍት በተገኙ መጠጥ ቤቶች በር ላይ ስም የለሽ የዛቻ ወረቀት ይለጠፍ፣ የሌላ አውራጃ ሰሌዳ የለጠፈ መኪና አሽከርካሪ ይሰደብ ነበር። ጃፓናውያን ራሳቸው እነዚህን ጎረቤቶች በምፀት "ራስን የመግታት ፖሊስ" አሏቸው። ማንም ያልሾማቸው፣ ደመወዝም የማይከፈላቸው ፖሊሶች ነበሩ።

ይህን ሁሉ ለሚጠይቅ ሰው የተዘጋጀ መልስ አለ፤ ጃፓናዊ በተፈጥሮው የቡድን ሰው ነው ይባላል። በ2018 የዓለም ዋንጫ በሮስቶቭ ከተማ ጃፓን ቤልጂየምን 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ 3 ለ 2 ስትሸነፍና ቡድኑ መልበሻ ክፍሉን አጽድቶ በሩሲያኛ የምስጋና ቃል ትቶ ሲሄድም፣ ደጋፊዎቹ ከየስታዲየሙ ቆሻሻ ለቅመው ሲወጡም መልሱ ያው ነው። እኔ ይህን መልስ ሰነፍ እለዋለሁ። መብራራት ያለበትን ነገር ወስዶ "ባህል" የሚል ስም ይሰጠውና እንዳብራራው ይቆጥራል። ከዚያ ይልቅ ሁለት ነገሮችን መመርመር ይጠቅማል፦ ሰውየውን ማን ያየዋል? ከቡድኑ ቢወጣስ ምን ያጣል?

በዚህ አቅጣጫ ከማንም የበለጠ የለፉት በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩትና በ2018 ያረፉት የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶሺዮ ያማጊሺ ናቸው። ያማጊሺ በ1980ዎቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎችን በቡድን እያስቀመጡ ገንዘብ ሰጧቸው። ገንዘቡን ለጋራ ጥቅም ማዋጣትም ለራስ ማስቀረትም ይቻላል። ማን ምን ያህል እንዳዋጣ የሚከታተልና ያላዋጣውን የሚቀጣ ሥርዓት በሌለበት ጊዜ ይበልጥ ያዋጡት አሜሪካውያኑ ነበሩ። "የቡድን ሰው" የተባለው ጃፓናዊ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ አስቀረ። ቅጣት ሲጨመርበት ጃፓናውያኑም እጃቸውን ፈቱ። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከቡድኑ ተነጥለው ብቻቸውን እንዲሠሩ ዕድል ሲሰጣቸው፣ ከአሜሪካውያኑ ይልቅ በሩን ከፍተው የሚወጡት ጃፓናውያኑ ሆነው ተገኙ። ከፍቶ ለመውጣት የሚያስፈልገው በሩ አለመቆለፉ ብቻ ነበር።

የብዕሩ ነገር ከዚህም የበለጠ ይናገራል። በ1999 የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት ለተሳታፊዎች አምስት ብዕሮች አቅርቦ አንዱን እንዲወስዱ ጠየቀ። ከአምስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ቀለማቸው ከሌሎቹ የተለየ ነው። አሜሪካውያን የተለየውን፣ የምሥራቅ እስያ ሰዎች የብዙኃኑን ቀለም ማንሳት ያዘወትሩ ነበር። በየመማሪያ መጽሐፉ ሲጠቀስ የኖረ ውጤት ነው፤ አንዱ ልዩ መሆንን፣ ሌላው መመሳሰልን ይወድዳል ተባለ። ያማጊሺና ባልደረቦቻቸው በ2008 ባወጡት ሥራ ጥያቄውን በጥቂቱ ለወጡት። መጀመሪያ የምትመርጠው አንተ ነህ፣ ሌሎች ከአንተ በኋላ ይመርጣሉ ሲባል አሜሪካውያኑም የተለየውን ብዕር ለሌላው መተው ያዙ። የመጨረሻው መራጭ አንተ ነህ፣ የሚጎዳብህ ሰው የለም ሲባል ደግሞ ጃፓናውያኑም የተለየውን መረጡ። በሁለቱም ሁኔታ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ጃፓናዊው የተለየውን ብዕር ይወድደዋል፤ የሚተወው ሁኔታው ግልጽ ሳይሆን ሲቀር ሰው እንዳይቀየመው ብሎ ነው። አሜሪካዊ ግልጽ ባልሆነው ሁኔታ ውስጥ የራሱን ፍላጎት መከተል ብዙም አያስከፍለው፤ ጃፓናዊ ግን ያስከፍለው ይሆናል ብሎ ያሰላል። ልዩነታቸው ከፍላጎት ይልቅ በዚህ ሒሳብ ላይ ነው ማለት ነው።

ከማያውቁት ሰው ጋር ሲሆንስ? በ1970 በታተመ ጥናት የቶኪዮው ኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሌሎች ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ በሚሰጡበት ክፍል ውስጥ ተፈተኑ። እንደሚጠበቀው በጭፍን አልተከተሉም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ብዙኃኑ ትክክል ሲሆን እንኳ ተቃራኒውን መለሱ። ኋላ ላይ በአንድ የስፖርት ክበብ አብረው የሚውሉ ተማሪዎች ሲፈተኑ መከተሉ ጨመረ። ነገም ከነገ ወዲያም አብሮት የሚሆነው ሰው ፊት ሲቀመጥ ጃፓናዊው ይጠነቀቃል፤ ዳግም የማያገኘው ሰው ፊት ግን እንደማንኛችንም ነው።

እንግዲህ ይህ ሒሳብ ከየት መጣ? የሩዝ እርሻ ውኃውን ከጎረቤት ማሳ ይቀበላል፣ ለጎረቤት ማሳም ያስተላልፋል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊያርሰው አይችልም። ሩዝ የሚያመርት አገር ሁሉ ግን ጃፓንን አልሆነም። የጃፓንን መንደር ልዩ ያደረገው ከላይ የተጫነበት አስተዳደር ነው። በቶኩጋዋ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) መንግሥት አባወራዎችን አምስት አምስት እያደረገ አቧደናቸው። አንዱ ግብር ቢያጎድል ወይም ወንጀል ቢሠራ አራቱም ይጠየቁ ነበር። ለጎረቤትህ ጥፋት አንተ የምትቀጣ ከሆነ ጎረቤትህን ትሰልላለህ፤ ይህ ጃፓናዊ መሆንን አይጠይቅም። ያፈነገጠውን ደግሞ መንደሩ ያገልለዋል። ከማንኛውም ማኅበራዊ ጉዳይ ይከለከላል፤ የማይከለከለው ቤቱ እሳት ሲነሳና ሰው ሲሞትበት ብቻ ነው። ከእድር የተባረረ ሰው የመጀመሪያ ጭንቀቱ ቀብሬን ማን ያስፈጽምልኛል የሚል ለሆነበት አንባቢ ይህ ግራ ያጋባል። የጃፓኑ መንደር ያገለለውን ሰው በሕይወት ሳለ ይረሳዋል፣ ሲሞት ግን ይቀብረዋል። ይህን ያደረገው ከርኅራኄ ብቻ አይመስለኝም፤ እሳትም ያልተቀበረ ሬሳም በአንድ ግቢ ተወስነው አይቀሩም።

ይህ የድሮ ወሬ ነው የሚል ካለ የኒጋታ አውራጃን ጉዳይ ያስታውስ። በአንድ ሰፈር ዓመታዊ ዓሣ የማጥመድ ውድድር ዝግጅት ላይ አንሳተፍም ያሉ ነዋሪዎች ተገለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2007 ለእነርሱ ፈረደላቸው። ከዚያ በፊት በጦርነቱ ዘመን መንግሥት የአምስቱን ቤት ዘዴ አድሶ በ1940 መላ አገሪቱን በጎረቤት ማኅበራት አዋቅሯል። ራሽን የሚታደለው፣ የጦር ቦንድ የሚሸጠው፣ በአየር ድብደባ ጊዜ እሳት የሚጠፋው በእነዚህ ማኅበራት በኩል ነበር። ከማኅበሩ የወጣ ራሽኑን ያጣል። አሜሪካውያን ወራሪዎች በ1947 ማኅበራቱን በአዋጅ አፈረሷቸው፤ ልማዱ ግን በሰፈር ማኅበራት ስም ቀጥሎ እስከ ዛሬ የቆሻሻ መጣያ ቦታን የሚያስተዳድሩት በብዙ ቦታ እነዚሁ ናቸው።

ትምህርት ቤቱን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አላበዛበትም። ልጆች ክፍላቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ምሳውን በተራ ያድላሉ፣ በትንንሽ ቡድን ተከፍለው አብረው ይመሰገናሉ፣ አብረው ይወቀሳሉ። እኔ የጽዳቱን ነገር እወድደዋለሁ። ሌላው ገጽታው ግን በኦሳካ አውራጃ ታይቷል። ጸጉሯ በተፈጥሮው ቡናማ የሆነ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጥቁር እንድትቀባ ደጋግማ ስትገደድ በ2017 አውራጃውን ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በ2021 ስለደረሰባት በደል 330 ሺህ የን ካሳ ወሰነላት፤ ጸጉርን የሚመለከተውን ደንብ ግን ሕገወጥ አላለውም። የቶኪዮ አስተዳደር ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ በራሱ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለውን ደንብ አንስቷል።

ዋናው ቦታ መሥሪያ ቤቱ ነው። ትልልቅ የጃፓን ኩባንያዎች ሠራተኛ የሚቀጥሩት ዩኒቨርሲቲ ከመጨረሱ በፊት ነው፤ ሁሉም በአንድ ወቅት ይፈልጋል፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ለቃለ መጠይቅ ይሰለፋል፣ ኤፕሪል 1 ቀን ሥራ ይጀምራል። ደመወዙ ከአገልግሎት ዘመኑ ጋር ያድጋል፤ ጡረታ ሲወጣ በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብም ቢሆን በቆየበት ዓመት ልክ ነው። ስለዚህ በአርባ ዓመቱ ለቅቄ ሌላ ቦታ ልቀጠር የሚል ሰው የሚያጣው የወር ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ያጠራቀመውን ነው። ሌላው ኩባንያም እንደዚሁ ከታች እያሳደገ ስለሚሞላ ቦታ የለውም። በዚህች አንድ ቀዳዳ ሳያልፉ የቀሩት ምን እንደደረሰባቸው ኢኮኖሚው ከተናጋ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተመረቁት ያውቁታል። ያን ጊዜ ኩባንያዎች ቅጥርን በእጅጉ ቀነሱ፤ ብዙዎቹ ዕድላቸው ካለፈ በኋላ በጊዜያዊ ሥራ ሲንከራተቱ አርባዎቹንና ሃምሳዎቹን ደርሰዋል።

አለቃው ሳይሄድ ወደ ቤቱ የማይሄደው ሠራተኛ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ የወጣ ነው። ፈቃድ ወስዶ ለመጨረስ የሚያመነታውም ባልደረቦቼን እጎዳለሁ ብሎ ሲሆን፣ ባልደረቦቹ ደግሞ እስከ ስድሳ ዓመቱ አብረውት የሚኖሩ ናቸው። በ2015 መጨረሻ የታላቁ የማስታወቂያ ድርጅት የዴንትሱ ወጣት ሠራተኛ ራሷን ካጠፋች በኋላ መንግሥት ሞቷ በሥራ ብዛት የመጣ መሆኑን አረጋገጠ፤ ኩባንያው በ2017 ተከስሶ የተቀጣው 500 ሺህ የን ብቻ ነበር። ከዚያ ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ የትርፍ ሰዓት ሥራ በሕግ ጣሪያ ተበጀለት፤ በመደበኛው በወር 45 ሰዓት፣ በልዩ ሁኔታ ግን ከ100 ሰዓት በታች። ጣሪያው ከፍ ያለ ቢሆንም ከዚያ በፊት የሚያስቀጣ ወሰን ጭራሽ አለመኖሩን ማሰብ ነው።

ይህ የሥራ ሥርዓት ጥንታዊ እንዳይመስለን። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጃፓን ፋብሪካ ባለቤቶች ትልቁ ራስ ምታት ባለሙያ ሠራተኛ የተሻለ ከፋይ ባገኘ ቁጥር ጥሏቸው መሄዱ ነበር። በ1850ዎቹ መጨረሻ በናጋሳኪ ያስተማረ አንድ የኔዘርላንድስ የባሕር ኃይል መኮንን ጃፓናውያን ቀጠሮ አያከብሩም እያለ አማርሯል። በ1918 የሩዝ ዋጋ ሲንር በቶያማ አውራጃ የዓሣ አጥማጆች ሚስቶች እህሉ በመርከብ እንዳይጫን ከለከሉ፤ አመጹ አገር አዳርሶ የጠቅላይ ሚኒስትር ቴራውቺን ካቢኔ ጣለ። በ1960 ከአሜሪካ ጋር የተፈረመውን የጸጥታ ውል የተቃወሙ መቶ ሺዎች ፓርላማውን ከበቡ፣ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጉብኝት ተሰረዘ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪሺም ወረዱ። በእኛ ዘንድ በአበበ ቢቂላ የሚታወሰው የ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲቃረብ የከተማው አስተዳደር እንግዳ ሳይመጣብን ጎዳናውን እናጽዳ፣ ቆሻሻ አትጣሉ እያለ ሕዝቡን በዘመቻ ሲቀሰቅስ ነበር። በተፈጥሮው ንጹሕ ለሆነ ሕዝብ እንዲህ ያለ ዘመቻ ምን ያደርግለታል?

ለእኛ ይህ ነጥብ ከሩቅ አገር ጉጉት ያለፈ ነው። የ1931ዱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት የተቀዳ ነበር፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይም በዚያው ዓመት ወደ ጃፓን ተጉዘዋል። በእኛ ዘመን ደግሞ ካይዘን መጣ። በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ በ2011 ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት፤ ከዚያም በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ካይዘንን እንደ ጃፓን ነፍስ የሚያቀርቡ አሠልጣኞች የሚዘሉት ነገር አለ። የጥራት ቁጥጥሩ ስሌት በ1950 ወደ ቶኪዮ ተጋብዘው ካስተማሩት ከአሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ከዴሚንግና ከመሰሎቻቸው የተወረሰ ነው። ሠራተኛው አሠራርን የሚያሻሽል ሐሳብ ያለ ስጋት የሚያቀርበውም ሐሳቡ ከሥራ እንደማያስወጣው ዋስትና ስለነበረው ነው። ዋስትናውን ትቶ ሰሌዳውን ብቻ መስቀል የትም ቢሆን ብዙ አያስኬድም።

"ባህላችን ነው" የሚለው መልስ ሰነፍ ብቻ ሆኖ ቢቀር በታገስኩት። በፉኩሺማው የኒውክሌር አደጋ ግን ከተጠያቂነት መሸሸጊያ ሆነ። የኒውክሌር ማመንጫው ባለቤት የሆነው ቴፕኮ በ2008 ባስጠናው ስሌት እስከ 15.7 ሜትር የሚደርስ ሱናሚ ሊመጣ እንደሚችል ተነግሮት ነበር፤ በወቅቱ ግን መከላከያውን አልሠራም። ማርች 11 ቀን 2011 ሱናሚው መጣ። ፓርላማው ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በ2012 አደጋው ሰው ሠራሽ መሆኑን፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሚቆጣጠረው ኩባንያ እጅ መውደቁን በማስረጃ አስቀመጠ። ይህ ግሩም ሥራ ነበር። የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ኪዮሺ ኩሮካዋ ግን ለእንግሊዝኛው ቅጂ በጻፉት መግቢያ የአደጋው ሥር በጃፓን ባህል ውስጥ መሆኑን፣ ታዛዥነትና የቡድን ስሜት እንዳመጡት፣ በእነዚያ ሰዎች ቦታ ሌሎች ጃፓናውያን ቢቀመጡም ውጤቱ ያው ሊሆን ይችል እንደነበር ገለጹ። በጃፓንኛው ቅጂ ይህ አልነበረም። የውጭ አንባቢ ማንበብ የሚፈልገውን ሰጡት ማለት ነው። ሁሉም ጃፓናዊ ጥፋተኛ ከሆነ ግን ያንን የ15.7 ሜትር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያለፈው ሰው በምን ይጠየቃል? ተቆጣጣሪ በሚቆጣጠረው ድርጅት መማረኩ ደግሞ ባንክም ሆነ አውሮፕላን ባለበት አገር ሁሉ ታይቷል።

አሁን ጃፓን ውስጥ እየተናወጠ ያለው ይህ የዓይንና የበር አሠራር፣ ማለትም የሚያይ ሰው መኖርና መውጫ ማጣት፣ ራሱ ነው። ከተቀጣሪው ከሲሶ በላይ የሚሆነው ቋሚ ያልሆነ ሠራተኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አብሮት የሚቆይ ባልደረባ የለውም። የቶዮታው አኪዮ ቶዮዳ በ2019 የዕድሜ ልክ ቅጥርን መጠበቅ እየከበደ መሆኑን በአደባባይ ተናግረዋል። ያልተጻፈው ደንብ መጻፍ ጀምሯል። በቶኪዮ ሰው በኤስካሌተር ላይ በግራ በኩል፣ በኦሳካ በቀኝ በኩል ቆሞ ሌላውን ለሚቸኩል ይተዋል፤ ሕግ ሳያዝዘው የመጣ ልማድ ነው። የሳይታማ አውራጃ በ2021 ሁሉም ቆሞ እንዲሄድ በደንብ ወሰነ። ቅጣት ግን የለውም፤ አሁንም ልመና ነው።

ያልተጻፈውን ለማያውቁት መንገር የግድ ያደረገው ደግሞ የውጭ ዜጎች መብዛት ነው። በኦክቶበር 2024 የውጭ አገር ሠራተኞች ቁጥር 2.3 ሚሊዮን ደርሷል። የቆሻሻ መለየት መመሪያ በየማዘጋጃ ቤቱ በብዙ ቋንቋ ይታተማል፤ ሕግ አያከብሩም የሚለው ስሞታም የምርጫ መፈክር ሆኗል። በጁላይ 2025ቱ ምርጫ "ቅድሚያ ለጃፓናውያን" ያለው ሳንሴይቶ የተባለ ፓርቲ 14 መቀመጫ አገኘ። ባህላቸው አይፈቅድም የሚለው ክርክር እዚህም ይሠራል፤ ራስን ለማድነቅ ያገለገለው ቃል ሌላውን ለመግፋት ለማገልገል ጊዜ አይወስድበትም።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የተሻለው መልስ በ1993 የተጀመረው የቴክኒክ ተለማማጆች ፕሮግራም ይመስለኛል። በስሙ ለታዳጊ አገሮች ሙያ የሚያስተላልፍ፣ በተግባር የሰው ኃይል ላጠረው እርሻና ፋብሪካ ሠራተኛ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው፤ በ2023 መጨረሻ በውስጡ ከነበሩት ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ትልቁ ቁጥር የቬትናም ወጣቶች ነበሩ። ደንቡ ተለማማጁ አሠሪውን እንዲቀይር በመርህ ደረጃ አይፈቅድም ነበር። ብዙዎቹ ለደላላ ተበድረው ስለመጡ መመለስም አይችሉም። አሠሪዎቻቸው ጸጥተኛ፣ ታዛዥ፣ የማያጉረመርሙ እያሉ ያመሰግኗቸዋል። ጃፓናዊውን የሚገልጹበት ቃል ሁሉ፣ አንድ ቀን እንኳ የጃፓን ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው ይሠራል። መታገስ ያቃታቸው ደግሞ ይጠፋሉ፤ በ2023 ብቻ 9,753 ተለማማጆች ከሥራ ቦታቸው ተሰውረዋል። ፓርላማው በጁን 2024 ፕሮግራሙን የሚተካ ሕግ አውጥቷል፤ በ2027 ሥራ ላይ ሲውል ሠራተኛው ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የቋንቋና የሙያ ፈተና አልፎ፣ በዚያው የሥራ ዘርፍ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር ይችላል። የገጠር አሠሪዎች ሠራተኞቻችን ሁሉ ወደ ቶኪዮ ይሄዱብናል ብለው ከአሁኑ ሰግተዋል።